የሚኔርቫ ጦር

ፋና የሞተችው ሆላንድ፣ ስኪዳም ከተማ ውስጥ፣ በእስጢፋኖስ የህትመት ወርክሾፕ፣ ጭንቅላቷን በብረት ተመትታ ነው። የጥንት ሴት አማልክት በአውሮፓ ህትመቶች እንዴት እንደተሳሉ የምታጠና ልጅ ነበረች፤ የሮማውያኑን የጥበብና የጦርነት አምላክ ሚኔርቫን በራሷ እጅ መዳብ ላይ ቀርጻ ልታትም ነበር። ሬሳዋን ያገኘችው የጽዳት ሠራተኛዋ አበባይሽ ናት። ቁልፍ አላት፣ ሽርጧም ደም ነክቶታል፤ ፖሊሶቹ ሌላ ሰው መፈለግ ትተዋል። አይ የድሃ ነገር!

መርማሪ ትርንጎ ግን ነገሩ አልተዋጠላትም።

«የምትተነፍስ መስሎኝ አቀፍኳት እኮ፣» አለች አበባይሽ። «ሁለት ልጆች አሉኝ፤ ብታሰር ማን ያሳድግልኛል?»

እስጢፋኖስ ቃሉ አጭር ነበር። «ከምሳ በኋላ ቀለም ሰጥቻት ሮተርዳም ሄድኩ። እስከዚያ አንድም ወረቀት አላተመችም፤ ቀለሙን ቆልፌበት ነበር።»

የፋና አማካሪ ዶክተር ኢዛና ደግሞ ክራቫቱን እያስተካከለ፣ «አምስተርዳም ከሰው ጋር የምገናኝበት አፍስፕራክ ስለነበረኝ ምሳ ሳይደርስ ወጣሁ፣» አለ። «ስወጣ መዳቡን እየቀረጸች ነበር። ሚኔርቫን ጦሩን በግራ እጇ ማስያዟ እንዴት ደስ አለኝ መሰለሽ! ወንዶቹ ቀራጮች ይህን አይደፍሩም።»

ትርንጎ መዳቡን ደጋግማ አየችው። ከዚያ ሦስቱንም ማተሚያው ዙሪያ ሰበሰበቻቸው።

«ዶክተር፣ እስቲ መዳቡን ይመልከቱት። ጦሩ በየትኛው እጇ ነው?»

ኢዛና ጎንበስ አለ። ቀና ሲል ፊቱ አመድ መስሏል።

«በቀኝ ነው፤ ንድፏም ላይ በቀኝ ነው፣» አለች ትርንጎ። «መዳብ ሲታተም ምስሉ ይገለበጣል። ጦሩን በግራ የያዘችው እዚህ ማተሚያው ውስጥ በቀረው ወረቀት ላይ ብቻ ነው፤ እሱም የታተመው ከምሳ በኋላ፣ እርስዎ ሄጃለሁ ካሉ በኋላ ነው። ዕድሜዎን ሙሉ ወረቀቱን አጥንተዋል፤ መዳቡን ግን ልብ ብለው አላዩትም።»

«እኔ ለምን እገድላታለሁ?»

«ጥናቷን በስምዎ አሳትመዋል። ለዩኒቨርሲቲው የጻፈችውን ክስ ስልኳ ላይ አንብቤዋለሁ።»

«ስለ ሴት ኃይል ስጽፍ ሃያ ዓመቴ ነው!» ሲል ጮኸ። «እሷ ማን ናትና ነው እኔን...»

ቶሎ አፉን ያዘ፤ ምን ዋጋ አለው!

ካቴና አጥልቀው ሲወስዱት ትርንጎ ወደ አበባይሽ ዞረች። «ነፃ ነሽ፣ ወደ ልጆችሽ ሂጂ።»

አበባይሽ አልተንቀሳቀሰችም። «የፋና እናት ሰምተዋል?»

«አልሰሙም። ዴን ሃግ፣ ላክ የሚባል ሰፈር ነው ያሉት። አሁን ልደውልላቸው ነው።»

«ኧረ በማርያም! መርዶ በስልክ ይነገራል እንዴ?» አበባይሽ እንባዋን በእጇ ጠርጋ ነጠላዋን አነሳች። «ልጆቼን ጎረቤት ያቆይልኛል። ተነሺ፣ አብረን እናርዳቸው።»