ኤርጫፎ ሽማግሌ ይዞ የሄደበት ጉዳይ

ኤርጫፎ ማህደርን የወደዳት ካምባ ከተማ በመጣች በሳምንቷ ነው። ነገራት ወይ ብትሉ፣ አልነገራትም። ሁለቱም እዚያው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ ያስተምራሉ፤ እሱ የአገሩ ልጅ፣ እሷ ደግሞ ከጎጃም መጥተው አርባ ምንጭ የቀሩት የጡረተኛው የእንግሊዝኛ መምህር የአቶ ሀብተወልድ ልጅ። ጠዋት ጠዋት «ዛሬ እነግራታለሁ» ይላል፤ ማታ «ነገም ቀን ነው» ይላል። እንዲህ ሲል ሁለት ዓመት አለፈ።

በ2004 ዓ.ም. የካቲት ላይ ማህደር ወደ አዲስ አበባ ለመዛወር ማመልከቻ ማስገባቷን ሲሰማ እህል ውሃ አልቀምስ አለ። መልሱ ሐምሌ ላይ ይመጣል። ሰኔ ሲገባ ደግሞ በዚህ ላይ ጠብ ተጨመረ።

በትምህርት ቤቱ ደንብ መምህራን የራሳቸውን ክፍል ፈተና አያርሙም፤ አድልዎ እንዳይኖር ይለዋወጣሉ። የኤርጫፎ ተማሪዎች ወረቀት ለማህደር ደረሳት። አንዱ ጥያቄ ዓረፍተ ነገር ጽፋችሁ ባለቤቱን አስምሩበት ይላል። ሠላሳ አንድ ተማሪዎች በእንግሊዝኛ «ከማንጎው ሥር ለጥናት ይመቻል»፣ «ከገበያ በኋላ ይሻላል» የመሳሰለውን ጽፈው፣ «ከማንጎው ሥር» እና «ከገበያ በኋላ» የሚለው ላይ አስምረዋል። ማህደር ሠላሳ አንዱንም በቀይ ኤክስ አደረገቻቸው።

«በመስተዋድድ የሚጀምር ሐረግ ባለቤት ይሆናል ብለህ ነው ያስተማርካቸው?» አለችው መምህራን ክፍል ውስጥ።

«ይሆናል እንጂ። ሁልጊዜ አይደለም፤ ስለ ቦታ ወይም ስለ ጊዜ ስናወራ ነው። አሁን መቼ እንገናኝ ብልሽ፣ አንቺም ‹ከስድስት ሰዓት በኋላ ይሻላል› ብትይኝ፣ የሚሻለው ምኑ ነው?»

«ሰዓቱ ነዋ።»

«ስድስት ሰዓት አይደለም እኮ የሚሻለው። ከስድስት በኋላ ያለው ነው።»

ማህደር ትክ ብላ አየችው። ዓይኗ ውስጥ ያለው ቁጣ ብቻ አልነበረም፤ ሌላው ምን እንደሆነ ለማወቅ ግን ኤርጫፎ ወኔ አልነበረውም።

«ለመሆኑ መቼ እንገናኝ ብለኸኝ ታውቃለህ?» አለችና ወረቀቶቹን ወደ እሱ ገፋቻቸው። «ከፈለግክ አባቴን ጠይቀው። ልክ ናቸው ካለ ነጥባቸውን እመልሳለሁ።»

ዓርብ ዕለት አውቶቡስ ተሳፍራ ወደ ቤተሰቦቿ ሄደች።

ኤርጫፎ ባደገበት ቀዬ ከሰው ሴት ልጅ ጋር ተጣልቶ ወደ ወላጆቿ ብቻውን የሚሄድ ሰው እንደ ባለጌ ይቆጠራል። ትልቅ ሰው ተይዞ ነው የሚኬደው። ስለዚህ አጎቱን አቶ ደበሌንና የትምህርት ቤቱን አንጋፋ መምህር አቶ ካሱን ለመነ። ቅዳሜ ወደ አርባ ምንጭ ወርደው ታችኛው ሰፈር ሲቀላ አደሩ፤ እሑድ ጠዋት የነማህደር ቤት ወዳለበት ወደ ላይኛው ሰፈር ወደ ሴቻ በባጃጅ ወጡ።

እንግዲህ እናንተው ፍረዱ። እሑድ ጠዋት ነው። ነጭ ጋቢ የለበሱ፣ ከዘራ የያዙ ሁለት ሽማግሌዎች በር ላይ ቆመዋል። ግቡ ሲባሉ ገቡ፤ ተቀመጡ ሲባሉ ግን አቶ ደበሌ፣ «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ። የማህደር እናት ወይዘሮ ዓለምጸሐይ ደረታቸውን ያዙ። ማህደር ከጓዳው መጋረጃ ኋላ ድርቅ ብላ ቀረች።

አቶ ሀብተወልድ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «የመጣችሁበት ገብቶናል፤ አክብራችሁናል። ልጅቷን እናማክር፣ ዘመድም እንጠይቅ። የሁለት ሳምንት ቀጠሮ ስጡን።» ከዚያ ኤርጫፎን ከእግር እስከ ራሱ አዩት። «ጠያቂው ራሱ ከሽማግሌ ጋር ሲመጣ ግን ዛሬ ገና ማየቴ ነው።»

ኤርጫፎ ቸኩሎ የወረቀቱን ጥቅል ዘረጋላቸው።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«የአሥራ አንደኛ ክፍል ፈተና ነው፣ ጋሼ። ለሱ ነበር የመጣነው።»

አቶ ሀብተወልድ ፊታቸው ቀላ፤ እንደ ምንም መነጽራቸውን አድርገው ወረቀቱ ውስጥ ተደበቁ። ከሚገባው በላይ ቆይተው አነበቡ።

«ማህደር፣ ነይ» አሉ በመጨረሻ። «ልጆቹ ልክ ናቸው። ነጥባቸውን መልሺ።»

«እሺ አባዬ» አለች፣ አቀርቅራ።

«ታዲያ ለሌላ ጉዳይ አልመጣችሁም ማለት ነው?»

አቶ ካሱ ጣሪያ ጣሪያውን ያዩ ጀመር። አቶ ደበሌ የእህታቸውን ልጅ በክርናቸው ጎሰም አደረጉት። ኤርጫፎ «አዎ፣ አልመጣንም» ቢል ነገሩ እዚያው ያበቃል፤ ሐምሌም ይመጣል።

«ለሌላው ጉዳይ ለመምጣት መጀመሪያ እሷን መጠየቅ ነበረብኝ» አለ። «እወዳታለሁ፣ ጋሼ። ሁለት ዓመት ሙሉ ልነግራት ፈራሁ። አሁን ደግሞ አዲስ አበባ ልትሄድ ነው።»

ሁሉም ወደ ማህደር ዞሩ።

«ማመልከቻውንማ ከፋሲካ በፊት አንስቼዋለሁ» አለች።

«ምን?» አሉ ወይዘሮ ዓለምጸሐይ። «ምነው ታዲያ አልነገርሽን?»

ማህደር እናቷን አላየችም፤ ያየችው ኤርጫፎን ነው። ዓይኗ እንባ አቅርሮ ከንፈሯ ግን ይስቃል። «አንድ ሰው አትሂጂ እስኪለኝ ነበር የምጠብቀው።»

«አትሂጂ» አላት ኤርጫፎ፣ አባቷም እናቷም ሁለቱም ሽማግሌዎች እየሰሙት።