መድረቅ የሌለበት ቁስል

ሔዋን የግቢውን በር ገፋ አድርጋ ስትገባ መጀመሪያ ያየችው ዶሮዋን ነው። አንድ ነጭ፣ የሚያዳልጥ ነገር መሬት ለመሬት እየጎተተች ትነቁራለች። ነገሩን ለማወቅ ጊዜ አልፈጀባትም። በአባቷ እግር ቁስል ላይ ተለጥፎ መቆየት የነበረበት የመድኃኒት ጄል ነው።

አባቷ ቄስ አካለ ወልድ ደግሞ በርጩማ ላይ ተቀምጠው፣ ሱሪያቸውን እስከ ጉልበታቸው ሰብስበው፣ ቁስላቸውን ፀሐይ ያስመታሉ።

«አባባ! ምን አደረጉት?»

«አወለቅሁት» አሉ፣ ካልሲ እንዳወለቀ ሰው። «አብጦ ነጭ ሆነ። መግል ቋጥሯል እኮ ልጄ።»

«መግል አይደለም! የሆስፒታሏ ሲስተር ሥራነሽ ነግራናለች እኮ! ከቁስሉ የሚወጣውን ሲመጥ ያብጣል፤ ውስጡ ያለው መድኃኒት ደግሞ ቀስ እያለ ወደ ቁስሉ ይገባል። እርጥብ መሆን አለበት!»

«እርጥብ ቁስል ይዤ መቅደስ ልግባ? ኅዳር ሚካኤል ደረሰ። ቁስሉ የሚፈስ ካህን እንደማይቀድስ ታውቂያለሽ። ይድረቅልኝ።»

እግራቸውን ያቃጠላቸው የደመራው ፍም ነበር። ቅባቱም ፋሻውም አልሆን ብሎ ቁስሉ ሲያመረቅዝ፣ ደግፋ በባጃጅ ሆስፒታል ያመላለሰቻቸው ሔዋን ናት። በዚህ መሀል የሒሳብ ፈተና አምልጧታል። ያን ሁሉ ለፍታ ያመጣችውን መድኃኒት አሁን ዶሮ ትጫወትበታለች! መጮህም ማልቀስም አማራት።

«ሂጅና ሲስተሯን ወድቆ ጠፋ በያት» አሉ አባቷ፣ ዓይኗን ሳያዩ። «ሌላ ትስጥሽ። ከበዓሉ በኋላ እለጥፈዋለሁ።»

«ቄስ ሆነው እንዲህ ይላሉ?»

ቄስ አካለ ወልድ እግራቸውን ወደ ፀሐዩ ይበልጥ ዘረጉት።

እስከ ሆስፒታሉ በር ድረስ «ወድቆ ጠፋ» የምትለዋን ነገር እየተለማመደች ሄደች። ቁስል የሚታሸግበት ክፍል ስትደርስ ግን ክንዷን የተቃጠለች ሕፃን በእናቷ ጭን ላይ ሆና ታለቅስ ነበር። ሔዋን አንዴ አየቻትና ጄሉ ለእሷም እንደሚያስፈልጋት አስባ እውነቱን በአንድ ትንፋሽ ለሲስተር ሥራነሽ ዘረገፈችው።

ሲስተር ሥራነሽ ከንፈሯን ነከሰች። «ካደረቁት እኮ አዲሱ ቆዳ ተመልሶ ይሰነጠቃል። እንዲህ ከቀጠሉ እግራቸው ራሱ ያሰጋኛል። ያለኝ ደግሞ ጥቂት ነው፤ የሚያወልቁት ከሆነ ለሌላ በሽተኛ ልስጠው። ለበዓሉ ብለው እንደማያወልቁት ቃል ትገቢልኛለሽ?»

ስለ አባባ ማን ቃል ይገባል? ከቀሰሱ ጀምሮ አንድም ኅዳር ሚካኤል ሳይቀድሱ አልፈው አያውቁም። በዓሉ ሲቃረብ ፊታቸው ሲፈካ እያየች ነው ያደገችው። 

«እገባለሁ» አለች፤ ቃሏን እንዴት እንደምትጠብቅ ግን አላወቀችም። ሲስተር ሥራነሽ አዲስ የጄል እሽግ ሰጠቻት።

መንገዱን ሁሉ ስትነጫነጭ ተመለሰች። በአባቷ ተናደደች፣ በዶሮዋ ተናደደች፣ ትልቅ ሰው ሞልቶ ሳለ ነገሩ እሷ ላይ መውደቁ አናደዳት። ቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ስትደርስ ቆመች። በግራ በኩል የእነሱ ቤት ነው። በቀኝ በኩል ደግሞ በበዓሉ ማን እንደሚቀድስ የሚደለድሉት የቄሰ ገበዝ ይስማው ቤት ነው። የአባባ ስም እዚያ ድልድል ውስጥ እስካለ ድረስ ምንም ዓይነት ጄል እግራቸው ላይ አይከርምም።

ወደ ቀኝ ታጠፈች።

ቄሰ ገበዙ ራሳቸው በሩን ከፈቱላት። መስቀላቸውን ተሳለመችና «አባባ ለሚካኤል አይቀድሱም» አለች። «ቁስላቸው አልዳነም። ሌላ ሰው ይመደብ።»

«ምነው? ምነው?» አሉ ደንግጠው። «እሳቸው ናቸው የላኩሽ?»

አዎ ብትል ነገሩ ያለ ጭቅጭቅ እዚያው ያልቅ ነበር። ሔዋን በእጇ የያዘችውን እሽግ ጠበቅ አደረገችው።

«አይደሉም። በራሴ ነው የመጣሁት። እሳቸው ገና አልሰሙም፤ አሁን ሄጄ እነግራቸዋለሁ።»