ሠላሳ ማንኪያ ቅጠል

ልብስ ሰፊው ከስፌት መኪናው ላይ እንደተደፋ ተገኘ። ያልጨረሰው እጅጌ በጣቶቹ መሃል ነበር።

ያገኘችው ሚስቱ ናት፣ ለቁርስ ልትጠራው ስትገባ። ሰው አምስት ደቂቃ ከዘገየ «መኪና ገጭቶት ነው» የምትል፣ ሁልጊዜ ክፉ ክፉውን የምታስብ ሴት ናት። ያን ጠዋት ግን ምንም አልሰጋችም። ባሏ እንደዚያ ሰሞን ደህና ሆኖ አያውቅም ነበር።

«የስኳር ኪኒኑን ይውጥ ነበር?» አላት መርማሪው ከሰዓት በኋላ።

«ከተወው ሁለት ወሩ። ‹ዕድሜ ልኬን ኪኒን የምለቅም ዶሮ ነኝ እንዴ?› ብሎ ቅጠል ጀመረ። ስኳሩ ወረደለት። የራሱ ሜትር ወገቡን አልዞር ይለው የነበረ ሰውዬ፣ እራት ትቶ ቀበቶውን ሁለት ቀዳዳ አጠበቀ።»

መርማሪው የደቀቀውን ቅጠል ከሟቹ ብልቃጥ እያወጣ ጋዜጣ ላይ ሰፈረው። ስድስት ማንኪያ ሆነ። ቀጥሎ መሳቢያውን ከፈተና ከክሊኒክ ከረጢት ውስጥ ባዶ የኪኒን ማሸጊያዎች አወጣ።

«የድሮ ናቸው» አለች ሴትዮዋ ቶሎ ብላ።

«ከረጢቱ ላይ የተጻፈው ቀን የዚህ ወር ነው፣ እናቴ።»

ቀኑን ራሷ አነበበችው። ኪኒኑን በየወሩ ከክሊኒክ የምታመጣው አስተማሪዋ ልጇ ብቻ ናት።

ቅጠሉን የሰጠው የባህል ሐኪም ተጠርቶ መጣ።

«ምን ጨመሩበት?»

«ቅጠል ነው፣ ሌላ ምንም የለውም። በየወሩ ሠላሳ ማንኪያ ለሠላሳ ጠዋት ሰፍሬ እሰጠው ነበር። እንዲህ በፍጥነት ሲሻለው እኔም ግራ ገባኝና ‹ኧረ ሄደህ ታይ› ብዬው ነበር።»

በአራተኛው ቀን መርማሪው እናትን፣ ልጅንና የባህል ሐኪሙን ሳሎን ሰበሰባቸው። አስተማሪዋ ልጅ ከእናቷ ጎን ተቀመጠች።

«የሞተው ስኳሩ ከልክ በላይ ወርዶ ነው» አለ። «ደሙ ውስጥ የተገኘው የኪኒኑ መድኃኒት ነው፤ እሱ ግን ኪኒን አይውጥም ነበር። የሐኪሙን የቅጠል ጆንያ አስመረመርን፣ ንጹሕ ነው። የዚህ ቤት ብልቃጥ ውስጥ ግን ነጭ ዱቄት አለ። ስለዚህ የተቀላቀለው እዚሁ ነው።»

ወደ ልጅቷ ዞረ። «ኪኒኑን የምታመጪው አንቺ ነሽ። ማሸጊያው ባዶ ነው፤ የዋጠ ደግሞ የለም።»

«ፈጭቼ የጨመርኩት እኔ ነኝ» አለች፣ ቀና ሳትል። «እንቢ ሲለኝ ምን ላድርግ? ለእያንዳንዱ ማንኪያ አንድ ኪኒን፣ የታዘዘለትን ያህል ነው። እንዳይሞትብኝ ብዬ ነው። ቆጥሬ ነበር።»

«ቆጠራሽ ልክ ነው። ግን ብልቃጡ ከተሞላ አሥራ ሁለት ቀኑ ስለነበር፣ አሥራ ስምንት ማንኪያ መቅረት ነበረበት። የቀረው ስድስት ነው። በቀን ሁለት ይወስድ ነበር ማለት ነው። የስኳሩ ቁጥር ሲወርድ ቅጠሉ ነው ብሎ አመነ፤ ስላመነም ጨመረ። ቦርጩ ቶሎ እንዲጠፋ ብሎ እራትም ተወ።»

«አባባ ጠዋት ብቻ ነበር የሚወስደው። ማታ ማን ሰጠው?»

«እሱን አላወቅሁም» አለ መርማሪው። «ራሱ በጥብጦ ሊሆን ይችላል።»

እናትየዋ ዝም ብትል የሚጠይቃት አልነበረም። የልጇን እጅ አየች። ጭኗ ላይ ጣቶቿን እያጠፈች እንደገና ትቆጥራለች። ይህን ሸክም ብቻዋን ይዛ ስታረጅ ታየቻት።

«እኔ ነኝ» አለች። «ማታ ማታ የምበጠብጥለት እኔ ነኝ።»

«ለምን አልነገርሽኝም፣ እማ?»

«እንዳትነግሪያት አለኛ። ‹ሐኪም ቤት ስትወስደኝ ቁጥሩን አይታ ደስ ይበላት› ብሎ።»

ልጅቷ አፏን በሁለት እጇ ያዘች። የባህል ሐኪሙ ዓይኑን ወደ መስኮቱ መለሰ።

መርማሪው ቃላቸውን ለመስጠት ሁለቱም አብረውት መሄድ እንዳለባቸው ዝግ ብሎ ነገራቸው። እናትየዋ በሩ ጋ ስትደርስ ዞር አለች።

«ሹራብ ደርቢ፣ ይበርድሻል።»

ሌላ ጊዜ ቢሆን ልጅቷ «እማ ደግሞ» ብላ ትነጫነጭ ነበር። አሁን ግን ሹራቡን ደረበች።