ወደ ኋላ አልሄድ ያለው ቀይ መስመር

ፈጠራ ነው የሚል ይኖራል፤ አልፈርድበትም። እኔም ጥንቆላ ሲወራ የምስቅ ሰው ነበርኩ። ግን ይሄ ሲሆን ከጓደኛዬ ከሩታ አጠገብ ተቀምጬ ነበር።

ቀኑ ሐሙስ። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል፣ ጠራራ ፀሐይ። ቦታው ጉለሌ፣ ቀጨኔ ዳገቱ ላይ ያለ ትንሽ ክሊኒክ፣ ሁለተኛ ፎቅ።

ሩታ የክሊኒኩ ዳታ ሠራተኛ ናት። ቤታቸው ሆነው የሚታከሙ አሥራ ሁለት አረጋውያን አሉ። የደማቸውን የኦክስጅን መጠን በመቶኛ፣ ኮድ ጽፋ ባር ግራፍ ታደርገዋለች። ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ሰማያዊ ምሰሶ። ዘጠና ላይ አግድም ቀይ መስመር፤ ከዚያ የወረደ ሰው ቶሎ ሆስፒታል ይወሰዳል።

ከአሥራ ሁለቱ አንዱ አባቷ አቶ ጌጡ ናቸው።

መስመሩ ምሰሶዎቹን እንዳይቆርጥባት ሁልጊዜ ከኋላቸው ነው የምታደርገው። ኮዱ ላይ አንድ ቁጥር መቀየር ብቻ ነው፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን መስመሩ ወደ ኋላ ይሄዳል።

የዚያን ቀን ግን መስመሩ አራተኛው ምሰሶ ላይ ወደ ፊት ወጥቶ ነበር።

አራተኛው ላይ ብቻ...

"ይሄ አይሆንም" አለችኝ በሹክሹክታ። "መስመሩ እኮ አንድ ነው። ወይ ከሁሉም ፊት፣ ወይ ከሁሉም ኋላ።"

የኮምፒውተሩ ፎንት የአማርኛ ፊደል ስለማያውቅ ከምሰሶዎቹ ሥር ስሞቹ የሚወጡት ባዶ ሳጥን ሆነው ነው። ከግራ ጀምራ ከስም ዝርዝሩ ጋር እያስተያየች ቆጠረች።

አቶ ቶሎሳ።

ስልኩ ጮኸ። ቤት ለቤት የምትዞረው ነርስ ናት።

"አቶ ቶሎሳ... አረፉ። አሁን። ደህና እያወሩ ነበር እኮ።"

ሩታ ኮዱን እንደገና አስነሳችው። መስመሩ አራተኛውን ለቋል። ዘጠነኛው ፊት ቆሟል።

ከሥሩ ሳጥን አልነበረም። ጥርት ያለ አማርኛ ነው።

ጌጡ።

ቁጥሩን ዜሮ አደረገችው። ከዜሮ በታች አወረደችው። መስመሩን ከነጭራሹ ከኮዱ ሰረዘችው።

አልሄደም።

"ሂድ! ወደ ኋላ ሂድልኝ!" እያለች ስክሪኑ ላይ አፍጥጣ ታለቅሳለች። እኔ ምን ላድርግ? እጄን አጣጥፌ አያለሁ። በቃ፣ ፈራሁ።

ደወለች።

"አባዬ! ደህና ነህ?"

"ደህና ነኝ ሩትዬ። ብቻ..."

"ብቻ ምን?"

"አንድ ቀይ የለበሰ ቀጭን ሰውዬ መጥቶ ፊቴ ተገተረ። ቴሌቪዥኑን ከለለብኝ። ወደ ኋላ በል ብለው... አልሰማ አለኝ።"

"ማን አስገባው? አባዬ?"

...

"አባዬ!"

ስልኩ አልተዘጋም። የቴሌቪዥኑ ድምፅ ይሰማል። አባቷ ግን አልመለሱም።

አርባቸው በወጣ በሳምንቱ ሩታ በቴሌግራም የራሷን ፎቶ ላከችልኝ። ነጭ ግድግዳ ተደግፋ ነው የተነሳችው።

"ከኋላዬ የሆነ ነገር ይታይሃል?"

አየሁት። ከኋላዋ ግድግዳው ላይ፣ በአንገቷ ትክክል፣ ከዳር እስከ ዳር፣ ቀጭን ቀይ መስመር ተጋድሟል።

እንዳለችው ወደ ኋላ ሄዷል...

"ምንም የለም" ብዬ ጻፍኩላት። ዋሸኋት።

ዛሬ ጠዋት ሌላ ፎቶ ልካለች። እስካሁን ልከፍተው አልቻልኩም።