ቆርቆሮው የሚከፈተው ዓርብ ነው

ፕሮፌሰሩ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ቢሯቸው ውስጥ ከጥቁር ሰሌዳቸው ሥር ተንጋለው ሞተው ተገኙ። ጭንቅላታቸው የጠረጴዛውን ማዕዘን መትቷል። አጠገባቸው አንድ በርጩማ ተገልብጧል። የፊዚክስ ክፍሉ ኃላፊ በማግስቱ «በርጩማ ላይ ወጥተው ሲጽፉ ወደቁ» የሚል ሪፖርት ጽፎ፣ ማኅተም አድርጎ፣ ቢሮው እስከ ዓርብ እንዲጸዳና ደብተሮቹ እንዲወገዱ አዘዘ። ሐዘኑንም አልረሳም፤ ከግርጌ አንድ መስመር ጨመረለት።

ያላሰበው የሟቹን ታላቅ እህት ነበር። ሴትዮዋ መጥተው የአርባ ዓመት ደብተር በታጨቀበት ሳጥን ላይ ቁጭ አሉ።

«ከዚህ የሚያስነሳኝ ካለ ይሞክረኝ!»

ሐሙስ መርማሪዋ መጣች። የቸኮለ ሰው ባየች ቁጥር «ቆይ» ስለምትል ባልደረቦቿ «ወይዘሮ ቆይ» ይሏታል።

«ፋይሉ እኮ ተዘግቷል» አላት ኃላፊው በር ላይ።

«ቆይ። የተዘጋ መክፈት ነው ሥራዬ።»

«የወንድሜን ጉልበት ልንገርሽ ልጄ» አሉ እህት። «ደረጃ የሚወጣው ትከሻዬን ይዞ ነው። በርጩማ ላይ ምን ሊሠራ ይወጣል? አምፖል ሊቀይር?»

መርማሪዋ በርጩማውን አቀናችው። መቀመጫው በጠመኔ ብናኝ ነጥቷል፤ የጫማ ዱካ የለበትም። መሀሉ ላይ ግን ብናኝ ያልነካው አንድ ክብ አለ። ዙሪያዋን አየች። የመስኮቱ ደፍ ላይ የብስኩት ቆርቆሮ ተቀምጧል። አንስታ ክቡ ላይ ብታስቀምጠው እንደ ድስትና ክዳን ገጠመ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«የስህተት ቆርቆሮ» አለች የጎረቤት ቢሮዋ ወጣት መምህርት። «ጋሼ ሰኞ ሰኞ ሰሌዳው ላይ ሆን ብለው አንድ ስህተት ይተዋሉ። ያገኘ ሰው ሰሌዳውን አይነካም። ወረቀት ላይ ጽፎ፣ ሰዓቱን አስፍሮ እዚህ ይከታል። ዓርብ ይከፈታል። ከአሥር ዓመት ጀምሮ ሕጉ ይኸው ነው፤ የጽዳት ሠራተኛዋ ሳትቀር ታውቀዋለች።»

«ያላገኘስ?»

«ሻይ ይገዛል። እኔ በሦስት ዓመት ሻይ ያልገዛሁት አንድ ሳምንት ብቻ ነው።»

«መቼ?»

«ይሄን ሳምንት» አለች።

መርማሪዋ ቆርቆሮውን አልከፈተችም። ሰሌዳውን ግን ለረጅም ጊዜ አየችው። ሦስተኛው መስመር ላይ ያለው የመደመር ምልክት አግድሙ ቀጭን፣ ቁሙ ወፍራም ነው። ፎቶ አነሳችው።

«እርስዎስ ከፕሮፌሰሩ ጋር እንዴት ነበራችሁ?» አለችው ኃላፊውን።

«ተማሪያቸው ነበርኩ። ግን እዚህ ቢሮ ለመጨረሻ ጊዜ ከገባሁ አሥራ ሁለት ዓመቴ። እሳቸው ባዶ ቦታ ክብደት አለው ይላሉ። እኔ የለውም ብዬ መጽሐፍ ጻፍኩ፤ ተሸለመ።»

«ለወንድሜ መጽሔቶቹ አሥራ አንድ ጊዜ አናትምልህም ብለው ጻፉለት» አሉ እህት ከሳጥኑ ላይ። «እሱም ‹ጀርባቸው ንጹሕ ነው› ብሎ በደብዳቤዎቹ ጀርባ ሲያሰላ ኖረ። አንተ ደግሞ ዓርብ አዳራሽ ስለ ስሌቱ ከመናገሩ በፊት ‹ተሳስቻለሁ› ብሎ እንዲፈርም ሰኞ ወረቀት ላክህለት። በእሱም ጀርባ አስልቶ መለሰልህ!»

«እትዬ፣ ሐዘን ላይ ነዎት።»

«ሳጥን ላይ ነኝ።»

ዓርብ ረፋድ ሁሉም በዚያው ቢሮ ተሰበሰቡ። መርማሪዋ ከመናገሯ በፊት የፕሮፌሰሩን መስመሮች ሰሌዳው ጥግ ላይ ገለበጠች። ሦስተኛው ላይ ስትደርስ የመቀነስ ምልክት አደረገች።

«በርጩማው ላይ ማንም አልቆመም። የቆርቆሮው ጠረጴዛ ነበር። አንድ ሰው ቆርቆሮውን አንስቶ በርጩማውን ገለበጠው። ለምን? መውደቅ እንዲመስል...»

መምህርቷ ልማድ ሆኖባት ከደብተሯ ወረቀት ቀደደች፤ ጽፋ ቆርቆሮው ውስጥ ጣለች። ኃላፊው ግን ዓይኑ ሰሌዳው ላይ ተተክሏል። ላብ አሳከከው። በመጨረሻ ተነሳ።

«ይቅርታ፣ ይሄ እኮ መደመር ነው» አለና ጠመኔ አንስቶ ቁም መስመር ጣለበት። ወፍራም ነበር።

መርማሪዋ ቆርቆሮውን ከፍታ ከሥር ያለውን የመምህርቷን ወረቀት አነበበች፦ «ማክሰኞ፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት። ሦስተኛው መስመር መቀነስ ተብሏል፤ መደመር ነው።»

«ሦስት ሰዓት ላይ መቀነስ ነበር። ሬሳው ሲገኝ መደመር ሆኗል። ፕሮፌሰሩ ከዓርብ በፊት አያርሙም። እህታቸው ስህተቱን አያዩትም። መምህርቷ ሰሌዳ አትነካም። እዚህ ክፍል ውስጥ ፊዚክሱን አውቆ ሕጉን የማያውቅ፣ አሥራ ሁለት ዓመት ያልገባ አንድ ሰው ብቻ ነው።»

«ፈርም አልኩት፤ ሳቀብኝ!» አለ ኃላፊው። «ገፋሁት እንጂ አልገደልኩትም።»

«ገፍተው ሲያበቁ ሐኪም መጥራት ነበረብዎ። እርስዎ ምልክት አረሙ።»

ሲወስዱት በር ላይ ቆመ። «እርማቱ ግን ልክ ነው፣ አይደል?»

«ልክ ነው» አለች መምህርቷ። «አራተኛው መስመር ላይ መጽሐፍህ ይወድቃል።»

እህት ለመጀመሪያ ጊዜ ከሳጥኑ ላይ ተነሡ።

«በሉ አንሱት። አዳራሹ እየጠበቀ ነው።»

«ማን ሊናገር?» አለች መርማሪዋ።

«ይቺ ልጅ ናታ። ዛሬ ሻይ የምገዛው እኔ ነኝ።»