አንድ ጭረት

ማክሰኞ ጠዋት፣ አራት ሰዓት ከሩብ ነበር። ጉንጮ ጠመኔዋን ይዛ ሰሌዳው ፊት ቆማለች። ተማሪዎቹ በሕይወታቸው ከሁሉ የሚያስቀድሙትን፣ ስማቸውን ሳይገልጹ፣ በቁራጭ ወረቀት ጽፈዋል። ወረቀቶቹን እያነበበች ጭረት እንድታሰምር መምህርቷ የመረጠችው እሷን ነው። ሰሌዳው ላይ መምህርቷ ለምርጫ ያቀረበቻቸው «ነፃነት»፣ «ሀብት»፣ «እውቀት»፣ «ለወላጅ መታዘዝ» ተደርድረዋል።

አሥራ ሁለተኛውን ወረቀት ስትገልጥ ዘንበል ያለውን ጽሕፈት አወቀችው። የእንግዳዋ ነው። ልጅቷ ከቤተሰቧ ጋር ከሌላ አገር ከመጣች ዓመት አልፏታል፤ ክፍሉ ግን ዛሬም «እንግዳዋ» ነው የሚላት። ከጉንጮ ጋር አንድ ዴስክ ይጋራሉ።

«ለወላጅ መታዘዝ» ይላል።

የኋላዎቹ ማዛጋት ጀምረው ነበር። ጉንጮ ክፍሉን ማሳቅ አማራት። ወገቧን ይዛ፣ ጎበጥ ብላ፣ ድምጿን እያንቀጠቀጠች አነበበችው። «ኧረ ይቺ የማን አያት ናት?»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

«ፋራ!» አለ ከኋላ የሚቀመጠው ሎጋው ልጅ። «ቲቸር፣ ለእማማ ምርኩዝ ይፈለግላቸው!»

እንግዳዋ እጇን አወጣች። «የኔ ነው» አለች ረጋ ብላ። ሳቁ ባሰ።

«በቃ!» አለች መምህርቷ። «ቀጥዪ።»

ወረቀቱ የተሰበሰበው በየዴስኩ ስለነበር ቀጣዩ የጉንጮ የራሷ ነው። እናቷ ከስፌት መኪናዋ ቀና ብላ ስትጠራት፣ ስሟ ሳያልቅ «አቤት!» ብላ የምትነሳ ልጅ ናት። የጻፈችውም ያንኑ ነበር፤ ለወላጅ መታዘዝ።

ወረቀቱን ለአፍታ አየችው።

«ነፃነት» ብላ አነበበችና ጭረቷን እዚያ አሰመረች።

ለእረፍት ሲወጡ ኮሪደሩ ላይ ሮጣ እንግዳዋን ደረሰችባት። «እንዴ፣ ተቀየምሽ? ለቀልድ እኮ ነው!»

«በቀልዱ አይደለም» አለች እንግዳዋ። «አጠገብሽ ነው የተቀመጥኩት። አንቺም ያንኑ ስትጽፊ አይቼሻለሁ። ሁለት ነን ብዬ ነው እጄን ያወጣሁት።»



በማግስቱ፣ ስም ከመጠራቱ በፊት ጉንጮ ብድግ አለች። «ቲቸር፣ የትናንቱ ቆጠራ ልክ አይደለም። የራሴን ወረቀት ውሸት ነው ያነበብኩት። እኔም የጻፍኩት ‹ለወላጅ መታዘዝ› ነው።»

ሎጋው አፏጨ። ጉንጮ መምህርቷ ሰሌዳው ላይ የቀረውን ቆጠራ እስክታስተካክል ድረስ ቆማ ጠበቀች።

እንግዳዋ ሰምታለች፤ ዞር ግን አላለችም። የዚያን ዕለት ጠዋት ወደ ፊት ወንበር ተዛውራ ነበር። ትምህርት ቤቱ ለክረምት እስኪዘጋም እዚያው ተቀመጠች።