መሪ ያለው ማሽን

«ነገ ጠዋት በሬውን፣ ቦራን፣ ገበያ አወጣዋለሁ። ጋሽ ዓለምነው ከጠየቁሽ፣ እግሩን አሞት አክስታችን ዘንድ ተወስዷል በያቸው። ሰማሽ?» አላት እንዳላማው።

ዘመናይ ጆይስቲኩን እንደያዘች ደርቃ ቀረች። የእንዳላማው አጥቂ ተከላካይዋን አልፎ አገባባት። እንዳላማው ግን ለጎሉ እንኳ አልጨፈረም፤ ይህ ብቻውን ሊያስፈራት ይበቃ ነበር።

እንዳላማው ታላቅ ወንድሟ ነው፤ ሉማሜ መንገድ ዳር ያለችው ጌም ቤትም የሱ ናት። ለሰፈሩ ጆተኒን መጀመሪያ ያመጣው እሱ ነበር። ልጁ ሁሉ ግልብጥ ብሎ መጣለት። ስድስት ወር ሳይሞላ ግን በየደጃፉ ጆተኒ በቀለ። እሱን ሸጦ ፕሌይስቴሽን ገዛ፤ በዚያም ተከተሉት። በአንድ መንገድ ላይ አምስት ጌም ቤት ተከፈተ፤ በአምስቱም ያው አንድ የኳስ ጨዋታ፣ ያው ጩኸት። ሁለቱ ከፋሲካ ወዲህ ተዘግተዋል። ከአንደኛው በር ላይ የተጣለው ጆተኒ ዝናብ እየጠጣ አብጧል፤ ትንንሾቹ ተጫዋቾች በብረታቸው ላይ ተዘቅዝቀው ቀርተዋል። ዘመናይ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ያን ደጃፍ ሮጥ ብላ ነው የምታልፈው።

«አባዬ ሳያውቁ?» አለችው።

«አባዬ ከዲማ የሚመለሱት ማክሰኞ ነው። ከተዝካሩ ሲመጡ ማሽኑ ገብቶ፣ ቤቱ ሞልቶ ያገኙታል። ያኔ ማን ይቆጣል?»

በቦራ ዋጋ ሊገዛው ያሰበው ማሽን መሪ፣ ፍሬንና ወንበር ያለው የመኪና ጌም ነው። ዘመናይ በትምህርት ቤት ጉዞ ደብረ ማርቆስ ሄዳ አይታው፣ «ሰዉ እንዴት እንደሚጋፋ ብታይ!» ብላ ያወራችለት ራሷ ነበረች። አውቶቡስ ሲያልፍ እያየ ያደገ የሉማሜ ልጅ ደግሞ ሹፌር መሆን የማይመኝ የት ይገኛል? ምነው አፌን በቆረጠው፣ አለች በልቧ።

«ቦራ እኮ ለጋሽ ዓለምነውም በሬያቸው ነው።»

ነገሩ እውነት ነው። አባቷ ያላቸው በሬ ቦራ ብቻ ነው፤ ጎረቤታቸው ጋሽ ዓለምነውም ዳልቻ ብቻ ነው ያላቸው። ሁለቱን በሬዎች አቀናጅተው አንድ ቀን የነሱን፣ አንድ ቀን የሳቸውን ማሳ ያርሳሉ። አሁን ሰኔ ገብቷል። ቦራ ከተሸጠ የሁለት ቤት መሬት ጦሙን ያድራል።

«ሌላ መቀናጆ ይፈልጉ» አለ እንዳላማው።

«በሰኔ?»

«ዘመናይ፣ ለሉማሜ የመጀመሪያው እኔ መሆን አለብኝ። ቀድሞ የደረሰ ይበላል፣ ዘግይቶ የመጣ ሳህን ይልሳል። አሁን ሂጂና ሻይ አምጪልኝ።»

ሻይ ቤቱ በር ላይ ከማርቆስ የመጣ አውቶቡስ ቆሟል። ረዳቱ ከጣሪያው ላይ ትልልቅ ካርቶኖች ያወርዳል፤ በየካርቶኑ ላይ መሪ ተስሏል። አንድ። ሁለት። ሦስት። አንዱን ፀጉር አስተካካዩ አበረ ተሸከመ። ሁለቱን የተረከቡት እነዚያ ጌም ቤታቸው የተዘጋባቸው ሰዎች ናቸው። ሦስቱ እርስ በርስ ሲተያዩ ሰላምታ እንኳ አልተለዋወጡም።

«ነገም ይመጣል፤ ያዘዘው ብዙ ነው» አለ ረዳቱ እየሳቀ።

ዘመናይ ሻዩን ትታ ሮጠች። ይሄን ሲሰማ ይተወዋል ብላ ደስ ደስ ብሏት ነበር።

«እንዳላማው፣ ሦስት ገብቷል! በዓይኔ አየሁ!»

ፊቱ አመድ መሰለ። ጆይስቲኩን ወርውሮ ተነሳ።

«እንግዲያው ነገን አልጠብቅም» አለ። «የከብት ነጋዴውን አሁኑኑ ጠርቼው እመጣለሁ፤ በሬውን ከቤት ይውሰደው።» ጃኬቱን አንጠልጥሎ ወጣ።

ዘመናይ ብቻዋን ቀረች። ወንድሟን ትወደዋለች። ሌሎቹ «ሴት ልጅ ጌም ቤት ምን ትሠራለች?» ሲሉ፣ ወንበር ስቦ ያስቀመጣት እሱ ነው። ቦራን ካሸሸችበት ግን ከዛሬ በኋላ ያ ወንበር እንደማይኖራት ገባት። ቴሌቪዥኑን አጠፋች፤ በሩን ቆልፋ ወደ ቤት ሮጠች። ደመናው ጣሪያ የሚነካ እስኪመስል ወርዷል።

ገመዱን ስትፈታ ቦራ እጇን ላሳት። እየጎተተች አጥሩን ዞራ ወደ ጎረቤት ግቢ ገባች። ጋሽ ዓለምነው የነገውን እርሻ አስበው ቀንበራቸውን እያደሱ ነበር።

«ምነው ልጄ፣ ቦራን ምን አገኘው?»

እግሩን አሞታል የሚለው ቃል ምላሷ ላይ ነበር።

«ደህና ነው» አለች። «አባዬ እስኪመጡ ከዳልቻ ጋር ይሁን ብዬ ነው። ሰው መጥቶ ቢጠይቅዎ እንዳይሰጡብን።»

ሽማግሌው እጃቸውን ከቀንበሩ ላይ አነሱ። «ማነው የሚጠይቀኝ?»

ከመንገዱ በኩል ፉጨት ተሰማ፤ እንዳላማው እሷን ሲጠራ የሚያፏጨው ፉጨት ነው። ከኋላው የሌላ ሰው ዱላ ድንጋዩን ሲመታ ይሰማል።

ዘመናይ ገመዱን ከዳልቻ ጎን ባለው ካስማ ላይ ሁለት ጊዜ አጥብቃ አሰረችው።

«ወንድሜ ነው» አለቻቸው። ከዚያም ከካስማው አጠገብ ቆማ ጠበቀችው።